ያላየሁት ፊት

ሰውዬው መጀመሪያ የመጣብኝ በ1976 ሐምሌ ነው። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ስታጠብ በቀኝ ዓይኔ በኩል አንድ ጥቁር ነገር ቆሞ አየሁ። ዝንብ መስሎኝ በእጄ አባረርኩት፤ አልሄደም። ቀና ብዬ ጣሪያውን ሳይ ጣሪያው ላይ ነው፣ ግድግዳውን ሳይ ግድግዳው ላይ ነው። ፊቴን ባዞርኩበት ሁሉ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተለኛል። በሦስተኛው ቀን ትከሻና እጅጌ አወጣ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትከሻና እጅጌ አይጠፋኝም። ኮት የለበሰ ሰው ነበር። ፊት ግን አልነበረውም።

ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ማን እንደሆነ ስላወቅሁ ነው። ወጋየሁ ነው አልኩ። መምጣቱ አይቀርም ነበር፣ እንዲያውም ዘግይቷል። መምጣት የሚገባውን እንግዳ ሐኪም ጠርቶ ማስወጣት ደግሞ ነውር መሰለኝ።

ስሜ አምሐ ነው። መካኒሳ አቦ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ሚስቴ ፀሐይወርቅ በ1964 ሞታብኛለች፣ ልጅ የለንም። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ሁለት ሜትር ጨርቅ ይዞ መጥቶ ሙሉ ልብስ ስፋልኝ የሚል ሰው ሲመላለስብኝ እየዋለ እንዴት ትዕግሥተኛ ልሁን? ደግሞም ኩራተኛ ነኝ። ይህን ሁለተኛውን ማንም ብሎኝ አያውቅም፣ እኔው ነኝ የምለው። እዚህ ያደረሰኝም ቁጣዬ ሳይሆን ኩራቴ ነው።

ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው በ1967 ነው። ከጓሮ የሸናሁበትን ቦታ ጉንዳን ወረረው፤ ጎረቤት አይታ ነገረችኝና ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኪኒን ሰጡኝ፣ ጣፋጭ ከለከሉኝ። በዚያው ሰሞን ለቅርብ ማያ መነጽር አዘዙልኝ። ይህኛው እንኳ ከስኳሩ አልነበረም፣ ዕድሜዬ አርባ አምስት ሞልቶ ነው። መነጽሩን ጠላሁት። ልብስ ሰፊ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ደንበኛው ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰው ሲመጣ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር።

በ1970 መስከረም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ጠበል ሄጄ ሁለት ሱባዔ ቆየሁ። መድኃኒትና ጠበል አይደባለቅም ይባላል፤ ኪኒኔን እቤት ትቼ ነው የሄድኩት። ተው ያለኝ ቄስ የለም፣ እኔው ነኝ የወሰንኩት። ጠበሉን ስጠጣ አልረካም፤ አንድ ጆግ ጨርሼ ሌላ ጆግ እቀዳለሁ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች "ውሃው ወዶታል" አሉ፣ እኔም አመንኩ። ሰውነቴ ቀለለ፣ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ጾሙ ነው አልኩ። ያ ሁሉ ጥማትና ክሳት በሽታው ራሱ መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር።

ተመልሼ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ጥቁር ሱፍ በጥቁር ክር እየሰፋሁ ሳለ መነጽሬ መሳቢያ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ። እጄ ቆመ። ክሩን መዝዤ አወጣሁና እንደገና በመርፌው ቀዳዳ ሰደድኩት፤ በአንድ ጊዜ ገባ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜ ገባ። አለቀስኩ። ይህን መናገር አያሳፍረኝም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። አንዱ የጋዜጣ ደቃቅ ጽሑፍ ያስነብበኛል፣ ሌላው ቀጭን መርፌ ያቀብለኛል፤ እኔም ሳልለመን አሳያለሁ። ከሁሉም በላይ የተደሰቱት እትዬ ሸዋረገድ ነበሩ። ግቢያችን አንድ ነው፤ በእሳቸውና በእኔ ቤት መካከል አጥር እንኳ የለም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ወጋየሁን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ሳቃቸው ከበር የሚሰማ ሴት ነበሩ። እልል አሉልኝ። "አምሐ ዓይኑ በራለት" እያሉ እስከ ገበያ ድረስ አወሩልኝ።

ሩቁ ግን ደብዝዞብኝ ነበር። ያኔም አውቅ ነበር። ከሱቄ ሆኜ ወፍጮ ቤቱን ሳይ ግድግዳው ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስለኛል። የወፍጮው ዱቄት ነው እል ነበር፤ የፒስታው አቧራ ነው፤ የጥቅምት ብርድ ዓይኔን አስለቅሶት ነው። ምክንያት አላጣሁለትም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሰው በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ከሱቄ በር እስከዚያ ግድግዳ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ በኋላ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። ያየሁት አረንጓዴ ኮት ነው። ያን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ወጋየሁ ሃያ ዓመት ሲሞላው እናቱ ናቸው ያሰፉለት። ጨርቁ አንሶኝ ከወገብ በታች አሳጥሬዋለሁ፣ የግራ ትከሻውም ትንሽ ይወድቃል። ከመቶ ኮት መካከል እለየዋለሁ። ኮቱን ሳይ ወጋየሁ ነው አልኩ። ሰውዬው መንገዱን ይዞ ሄደ፣ እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

በዚያ ዓመት የተቃውሞ ወረቀት መለጠፍ ሞት ነበር፤ ለለጠፈው ብቻ ሳይሆን አይቶ ዝም ላለውም። አመሻሹ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ጠየቁ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሂርጳ "ውስጥ ነበርኩ፤ ዓይኔም ጆሮዬም ዱቄት ነው" ብሎ ተረፈ። እኔ ጋ ሲደርሱ "አላየሁም" ልል አፌን ከፈትኩ። አንደኛው ሳቀ። "መርፌ በባዶ ዓይኑ የሚያስገባ ሰው ይሄን መንገድ አላይም ሊለን ነው?" አለ። ሌሎቹም ሳቁ። ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴን አልክድም። ግን ፍርሃቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባላሳደደኝ ነበር። "ማን አላይም አለ? አይቻለሁ" ያልኩት ዓይኔ ስለተነካብኝ ነው። የወጋየሁንም ስም ሰጠኋቸው።

እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ተሰበሰበ። ወጋየሁን ከፊት አቆሙት። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ጋራዥ ነበር የሚሠራው። "ኮቱ የኔ ነው። ግን በዚያ ቀን ለሰው አውሼው ነበር" አለ። ለማን ተባለ። መልስ አልሰጠም። ደጋግመው ጠየቁት፣ ደጋግሞ ዝም አለ። በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ያስመሰለው ያ ዝምታው ነው። ያዋሰውን ሰው እየሸፈነ እንደነበር አሁን ሲያስቡት ግልጽ ነው፤ ያኔ ግን የሚያስብ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ጓድ ከበበው ወደ እኔ ዞረ። ለዚህ ሰው አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ጥያቄውን በትክክል ጠየቀኝ።

"ጓድ አምሐ፣ ያየኸው ኮቱን ነው ወይስ ፊቱን?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ኮቱን ነው። አንዲት ቃል ነበረች። ግን ያ ሁሉ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቀኛል። በሐሳቤ ያን አረንጓዴ ኮት መልሼ አየሁት፤ ከአንገትጌው በላይ ባዶ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማውቀውን የወጋየሁን ፊት አመጣሁና እዚያ ላይ ጨመርኩበት። ልክ ሆነ።

"ፊቱን" አልኩ።

ወጋየሁ በዚያች ሰዓት እንዴት እንዳየኝ አላውቅም። የቆመው አሥር እርምጃ ላይ ነበር፤ ፊቱ ለእኔ የደበዘዘ ጠይምነት ብቻ ነው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ እንኳ አላየሁትም። ይህን ለራሴ ያመንኩት ስንት ጊዜ ቆይቼ ነው።

በማግሥቱ እትዬ ሸዋረገድ ስንቅ ይዘው ቀበሌ ሄዱ። ራሱን ያጋለጠ ምሕረት ይደረግለታል እየተባለ ይለፈፍ ነበር። ሲመለሱ ሱቄ ገብተው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

"'እማዬ፣ እኔ አይደለሁም' ይለኛል" አሉ። "'ልጄ፣ አምሐ አይዋሽም፤ ዓይኑም አይሳሳትም። ተናዘዝና ውጣ' አልኩት። አለቀሰ። 'አንቺም?' አለኝ። ከዚያ እሺ አለ።"

እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። ቀና ሳልል "ደግ አደረጉ" አልኳቸው።

ተናዘዘ። በአራተኛው ቀን ስሙ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጻፈ፤ አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል ይላል። አስከሬን አልተሰጠም፣ ለቅሶ ተከለከለ። እትዬ ሸዋረገድ አላለቀሱም፣ ጥቁርም አልለበሱም። ሰው ቀበሌን ፈርተው ነው አለ። እኔ ግን ምክንያቱን ከአፋቸው ሰምቻለሁ። "ሞቱ ሳያንሰኝ ዋሽቶኝ ሞተ" አሉኝ አንድ ቀን። "እናቱን ዓይኗን እያየ የዋሸ ልጅ ምን ብዬ ላልቅስለት?"

ከዚያ ወዲህ መሸከም ያቃተኝ የእሳቸው ደግነት ነው። ቢረግሙኝ እችለው ነበር። "አንተ ምን ታደርግ፤ ያየኸውን ተናገርክ" ይሉኛል። ሲያመኝ አጥሚት ይሠሩልኛል፣ ልብሴን ከልብሳቸው ጋር ያጥቡልኛል። ሳቃቸው ግን ጠፋ። ጠዋት ጠዋት በሬን ሲያንኳኩ ዛሬ ይጠይቁኛል እላለሁ፤ እሳቸው ግን ትኩስ ነገር ይዘው ነው የቆሙት።

በ1971 ጥር ሱቄ ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ሆስፒታል ሰነበትኩ፤ ስኳሬ ሰማይ ነክቷል ብለው መርፌ ወጉኝ፣ ኪኒኑንም መልሰው አስጀመሩኝ። ወር ሳይሞላ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋብኝና መነጽሬን ከመሳቢያ አወጣሁ። ሰው "መድኃኒት ነክቶ በረከቱን አጣው" አለ። እኔም እንደዚያ ባምን በወደድኩ። ግን አንድ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ቀና ስል በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሚስማሮች አንድ በአንድ አየሁ። ሂርጳ በሩ ላይ ቆሞ ያዛጋል፤ ጥርሱ ይታየኛል። እንደዚያ ጥርት አድርጌ ካየሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። በሩን መልሼ ዘጋሁት፤ ቀኑን ሙሉ አልከፈትኩም።

እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። መሆኑን ግን አወቅሁ። ያን ኅዳር ይህን ግድግዳ አላየሁትም፤ ግድግዳውን ካላየሁ ፊት አላየሁም። ሐሳቡ መጥቶ አጠገቤ ሲቀመጥ ፊቴን አዞርኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን አንድ ቀን ውጬ ሁለት ቀን እተወው ጀመር። ሐኪሙን ረሳሁ እለዋለሁ። አልረሳሁም፤ ዓይኔ ያን ያህል አጥርቶ እንዲያይ አልፈለግሁም።

እንዲህ እያልኩ ከረምኩና ሰውዬው መጣ። እየሰነበተ ሲሄድ ተከፋፈለ፤ አንዳንድ ቀን ቀጫጭን ክር ሆኖ ይዝረከረካል፣ አንዳንድ ቀን ተሰብስቦ ይቆማል። ልብስ ለክቼ ስጽፍ በሜትሩ ቁጥሮች ላይ ይቆምብኛል። ጸሎት ስጀምር ሥዕሉ ላይ ነው። አንዳንዴ "ወጋየሁ፣ ዛሬ ትንሽ ዞር በልልኝ፤ ይሄን እጅጌ ልጨርስ" እለዋለሁ። ለሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

በ1977 ጥር በጠራራ ፀሐይ ከቤቴ ፊት ያለ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ያወጡኝ እትዬ ሸዋረገድ ናቸው። "አንተ ሰው፣ ዕውር ሆነህ ነው የምትደብቀኝ?" ብለው ተቆጡ። በማግሥቱ እምቢ ብላቸውም እጄን ይዘው ነፋስ ስልክ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ ዓይኔን በመብራት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። "የቀኙ ጀርባ ላይ ደም ፈሷል፣ ግራውም ጀምሮታል" ብሎ ካርዴ ላይ ጻፈና የስኳር ሕመምተኞችን ወደምታስተምረው ነርስ ወደ ሲስተር ትሩፋት ላከን። እትዬ ሸዋረገድ አጠገቤ ተቀመጡ።

"አባባ፣ የሚታይዎት ጥቁር ነገር ምን ይመስላል?" አለችኝ።

"ሰው ነው" አልኳት።

አልሳቀችም። "ደም ነው" አለች። "ስኳር ለብዙ ዓመት ሲበዛ ከዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻል። የተበላሹት ያፈሳሉ። በእነሱ ፈንታ የሚበቅሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ስስ ናቸው፤ በትንሽ ነገር ይቀደዳሉ። የሚያዩት የዚያን ደም ጥላ ነው። ዓይንዎ በዞረበት ስለሚዞር የሚከተልዎ ይመስላል።"

"ይሄድልኛል?"

"ሊሳሳ ይችላል። ቀኙን ግን አልዋሽዎትም፣ ብዙም አይመለስም። መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ግራውን እናቆየው ይሆናል።"

እትዬ ሸዋረገድ አዘኑልኝ። ቀጥለው ያሉትን ያሉት እኔን ለማጽናናት ነው፤ ምን ጊዜም ይህን አልረሳውም። "እንዲያው ያኔ ባየሽው ልጄ" አሏት። "የዚህ ሰው ዓይን የዋዛ ዓይን አልነበረም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጠበል ተጠምቆ፣ መነጽሩን ጥሎ፣ ጥቁር ክር በቀጭን መርፌ ያስገባ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ነው የመሰከረለት።"

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ያኔ ኪኒን አቋርጠው ነበር?"

"አዎ" አልኩ። መዋሸት እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር።

"ውሃ ውሃ ይልዎ ነበር? ከስተውስ ነበር?"

"አዎ።"

"እሱም ስኳሩ ነው አባባ። ዓይናችን ውስጥ እንደ መነጽር መስታወት ያለ ሌንስ አለ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ሌንሱም ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ወደ ሌላ ዓይነት ስኳር ይለወጣል። የተለወጠው ደግሞ እንደገባ በቀላሉ አይወጣም፤ እዚያው ተጠራቅሞ ውሃ ይስባል። ሌንሱ ያብጣል። ያን ጊዜ መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ያለ መነጽር ቅርቡን ማየት ይጀምራል። ብዙ ሰው ዳንኩ ብሎ ይደሰታል።" ፈገግ አለች። "ስኳሩ ሲወርድ እብጠቱም ይወርዳል።"

"ሩቁስ?" አሉ እትዬ ሸዋረገድ።

ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። ልክ የመድኃኒቱን ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁት።

"ሩቁማ ይደበዝዛል፣ እማማ። ቅርቡ የጠራው በሩቁ ኪሣራ ነው።"

"መንገድ ማዶ የቆመ ሰው፣ ሠላሳ እርምጃ ላይ። ይለየዋል?"

"ያኔ ስላላየኋቸው እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ግን መርፌ ያለ መነጽር ካስገቡ፣ ሰው መሆኑን ይለያሉ፣ የልብሱን ቀለም ይለያሉ። ፊቱን ግን የገዛ ልጃቸውም ቢሆን አይለዩትም።"

እትዬ ሸዋረገድ ነርሷን አመሰገኑ። ኪኒኔን ከመስኮቱ ተቀበሉልኝ፣ ቀጠሮዬን አስጻፉ፣ እጄን ያዙ። ከነፋስ ስልክ ወርደን በእግር ሄድን። ድንጋይ ሲያጋጥመን እጄን ሳብ ያደርጉታል፣ ጉድጓድ ሲሆን ያቆሙኛል። እንደዚያ ተጠንቅቆ የመራኝ ሰው የለም። እጃቸውን ቢለቁኝ ምነው እያልኩ ነበር የምሄደው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

"ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

"ከ71 ጀምሮ።"

"ስድስት ዓመት" አሉ። "እኔ ስድስት ዓመት ልብስህን አጠብኩ" አሉ።

ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እሳቸውም አልጠበቁትም። ነጠላቸውን አውርደው አዘቀዘቁት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መርዶዬን ዛሬ ሰማሁ" አሉ። "ልጄ አልዋሸኝም ነበር።" ከዚያ ነው የጮኹት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ። የሰባት ዓመት ጩኸት ነበር፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የእድሩ ዳኛ "እርምጃ ለተወሰደበት ሰው ድንኳን መትከል ያስጠይቀናል" ብሎ አመነታ። እትዬ ሸዋረገድ ድንኳን አልጠየቁም። መርዶ የሰማ ሰው ይቀመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሕግ የለም አሉ። አግዳሚ ወንበሮች ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። እኔ ቤቴን ቆልፌ ልተኛ አስቤ ነበር። መጥተው እጄን ያዙና ከበሩ አጠገብ፣ የለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ አስቀመጡኝ።

"ለቅሶ የመጣ ሰው አሟሟቱን ይጠይቃል" አሉ። "አንተ ነህ የምትነግረው።"

ሦስት ቀን ነገርኩ። ሰው ይመጣል፣ "እግዜር ያጽናሽ" ይላቸዋል፣ ከዚያ አጠገቤ ይቀመጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል። የቀኙ ደምና የግራው ድካም ተደምረው ፊት አልለይም ነበር፤ ለማን እንደምናገር አላውቅም። "ኮቱን ነው ያየሁት። ፊቱን አየሁ አልኩ። ፊቱን አላየሁም" እላለሁ። አንዳንዱ ተነስቶ ይሄዳል። አንዲት ሴት ተፋችብኝ፤ ደረቴ ላይ አረፈ፣ አልጠረግሁትም። ጎረቤታችን ማሞ፣ ጸሎት ቤቱ የተዘጋበት ጴንጤ፣ እጄን ይዞ በሹክሹክታ ጸለየና ሄደ። ሂርጳ ደግሞ ተቀምጦ "እኔም ያን ቀን በሩ ላይ ነበርኩ። ልጅየው ወጋየሁ አልነበረም" አለኝ። እሱም ሰባት ዓመት ተሸክሞት ኖሯል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ከባድ ሰው ተቀመጠ። አሟሟቱን ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። ሲናገር ድምፁን አወቅሁት፤ ጓድ ከበበው ነው።

"እኔ በትክክል ጠይቄህ ነበር" አለ።

"ጠይቀኸኛል።"

"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?" አለ። የምሩን ነበር። ከእኔ መልስ የፈለገ መሰለኝ። የቀረበለትን ንፍሮ ሳይነካ ተነስቶ ሄደ፤ ለቅሶውን የሚከለክል ሰውም አልላከም።

ሰውዬው እነዚያን ሦስት ቀናት ከዓይኔ አልጠፋም። ሲስተር ትሩፋት ደም ነው ብላኛለች፤ አምኛታለሁ። ማመኔ ግን አላባረረውም። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ላይ ይቆማል፣ እኔም ስናገር የምናገረው ለእሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ወንበሮቹ ተመለሱ፣ ግቢው ተጠረገ። ጠዋት ቤቴ ተቀምጬ ኪኒኔን በውሃ ስውጥ በሩ ተከፈተ። የገባው ሰው ሰላምታ አልሰጠም፤ ዱካውን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ያልደረሰ ለቅሶኛ መሰለኝ።

"አሟሟቱን ንገረኝ" አሉኝ። ድምፃቸውን አወቅሁት፤ እትዬ ሸዋረገድ ናቸው።

"እትዬ፣ ሦስት ቀን ሰምተውኝ የለ?"

"የሰማሁት ለሰው ስትናገር ነው። ለእኔ አልነገርከኝም።"

ለሰው ሁሉ እንዳልኩት ጀመርኩ፤ ኮቱን እንዳየሁ፣ ፊቱን አየሁ እንዳልኩ፣ በአራተኛው ቀን ስሙ እንደተጻፈ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያን ያህል ይታየኛል።

"መካከሉን ትዘላለህ" አሉ። "ለሦስት ቀን ሙሉ ዘለልከው። ሰኞ ስንቅ ይዤለት የሄድኩትን ለምን ትተዋለህ?"

"እሱ የእርስዎ ነው፣ እትዬ። እኔ አልናገረውም።"

"የልጄ አሟሟት ነው። ሙሉውን ንገረኝ።"

እጄን ፈልገው ያዙት። እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። ማልቀስ አማረኝ፤ አይፈቀድልኝም ብዬ ዋጥኩት።

"ሰኞ ጠዋት እናቱ ስንቅ ይዘው ሄዱ" አልኩ። "'እማዬ፣ እኔ አይደለሁም' አላቸው።"

"እሳቸውስ?"

"አላመኑትም።"

"ለምን?"

"የኔን ዓይን አምነው" አልኩ።